በአንድ እጅ ቤዝቦል ይቻላል ወይ? ለአንዲት እናት ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ይህ ነበር፦

«ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ወንድ ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሲወለድ ጀምሮ ግራ እጁ ከአንጓው በታች የለም። የክፍል ጓደኞቹ ቤዝቦል ስለሚጫወቱ እሱም ካልተመዘገብኩ ብሎ አስጨንቆኛል። አባቱ ግን ኳሱ ፊቱን ይመታዋል፣ ልጆች ይስቁበታል፣ በኋላ ልቡ ይሰበራል ብሎ እምቢ አለ። አንድ እጅ ብቻ ኖሮት በትልቁ ሊግ የተጫወተ ሰው ነበር ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው ወይስ ለማጽናኛ የሚወራ? እውነት ከሆነስ እንዴት አድርጎ ነው የሚይዘውና የሚወረውረው? ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ እውነት ነው። ደግሞ አንድ ሰው ብቻ አይደለም። እኔ በሙያዬ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ በተለይ በልጆች እጅና ክንድ ላይ ነው የምሠራው። በተጨማሪ የሰፈር ልጆች ቤዝቦል አሠለጥናለሁ። ስለዚህ ጥያቄሽ ከሁለቱም በኩል ይነካኛል። ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ «ይቻላል ወይ?» የሚለውን ወደ ጎን እናድርገው። ይቻላል። የሚጠቅመው ጥያቄ ሁለተኛው ነው፤ «እንዴት አድርጎ?» ያልሽው። አካል ጉዳት እያለባቸው እዚያ ደረጃ ስለደረሱ ሰዎች ሲወራ ሁልጊዜ የሚነገረው ስለ ልባቸው ጽናት ነው። ጽናት ነበራቸው፣ አልክድም። ግን እያንዳንዳቸው ቁጭ ብለው አንድ የተወሰነ ችግር ፈትተዋል። ለልጅሽ የሚጠቅመው ይሄ የፈቱበት መንገድ ነው።

ቤዝቦል ውስጥ መከላከል ማለት ባጭሩ ኳስ መያዝና ቶሎ መወርወር ነው። ሁለት እጅ ያለው ሰው በአንዱ እጁ ጓንት ያጠልቃል፣ በሱ ይይዛል። በሌላው እጁ ኳሷን ከጓንቱ አውጥቶ ይወረውራል። አንድ እጅ ያለው ልጅ ግን የሚይዘውም የሚወረውረውም በዚያው እጁ ነው። መያዙን ማንኛውም ልጅ በልምምድ ይለምደዋል። መወርወሩንም እንደዚያው። አስቸጋሪዋ በመሀል ያለችው ቅጽበት ናት። ጓንቱ ከእጁ እንዴት ይወጣል? ኳሷስ እንዴት እጁ ውስጥ ትገባለች? ኳሷን የመታው ሰው ወደ ቤዝ (ሜዳው ላይ ሮጦ ሊደርስባቸው ከሚገቡት ማረፊያዎች ወደ አንዱ) እየሮጠ ስለሆነ ይህ ሁሉ ከአንድ ሰከንድ ብዙ ባልራቀ ጊዜ ማለቅ አለበት።

ይህንን ከማንም በተሻለ የፈታው ጂም አቦት ነው። በ1967 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ሚሺጋን ውስጥ ፍሊንት በምትባል የመኪና ፋብሪካ ከተማ ተወለደ። ሲወለድ ቀኝ እጁ አልነበረም፤ ክንዱ አንጓው አካባቢ ያልቃል። ልጅ እያለ ሐኪሞች መንጠቆ ያለው ሰው ሠራሽ እጅ አድርገውለት ነበር። አልወደደውም። ሌሎቹን ልጆች ያስፈራቸው ነበር፤ ትምህርት ቤት ሲጀምር አካባቢ ተወው። የጫማ ክር ማሰር እንኳን ፈተና ሆኖበት ነበር። የአንደኛ ደረጃ አስተማሪው እቤቱ ሆኖ አንድ እጁን ጨብጦ ሲሞክር ከቆየ በኋላ መንገዱን አገኘና መጥቶ አሳየው። አቦት ትልቅ ሰው ሆኖ ስለ ሕይወቱ ሲናገር እስካሁን የሚያነሳው ይህንን አስተማሪ ነው። እኔም ለወላጆች ብዙ ጊዜ የምነግረው ስለሱ ነው። ያ ሰው ክሩን አላሰረለትም። «አይዞህ፣ ትችላለህ» ብሎም አላለፈውም። ራሱ በአንድ እጁ ሞክሮ መላውን ፈልጎ አመጣለት።

የኳሱን ጉዳይ ደግሞ አቦት ከአባቱ ጋር ሆኖ ነው የሞከረው። የደረሱበት ዘዴ እንዲህ ነው። በግራ እጁ ኳሷን ይዞ ሊወረውር ሲዘጋጅ ጓንቱ በቀኝ ክንዱ ጫፍ ላይ ተደግፎ ይቆያል፤ አፉ ወደ ግራ እጁ የዞረ ነው። ይወረውራል። ኳሷ ከእጁ እንደወጣች ግራ ክንዱ የውርወራውን ኃይል ተከትሎ ወደ ታችና ወደ ቀኝ ይመጣል፤ መጥቶ ጓንቱ ውስጥ ሰተት ብሎ ይገባል። የተለየ እንቅስቃሴ አልጨመረም፣ ክንዱ ድሮም የሚሄድበት መንገድ ነው። መቺው ኳሷን ሲመልሳት አቦት እንደማንኛውም ሰው ጓንት አጥልቆ ቆሟል። ኳሷን ሲይዝ ጓንቱን በቀኝ ክንዱና በጎኑ መካከል ይወትፈዋል። ግራ እጁን ኳሷን እንደጨበጠ መዥረጥ አድርጎ ያወጣና ይወረውራል። በቪዲዮ ፈልገሽ እዪው። ፍጥነቱን ቀንሰሽ ካላየሽው ጓንቱ መቼ እንደተቀየረ እንኳን አይታወቅም።

ይህ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። ልጅ እያለ የጡብ ግድግዳ ላይ ኳስ ሲወረውር ነበር የሚውለው። ኳሷ ነጥራ ሳትመለስ ጓንቱን ማጥለቅ አለበት። ሲለምደው ወደ ግድግዳው ጠጋ ይላል፤ ጊዜው ያጥርበታል። ያንንም ሲለምደው አሁንም ጠጋ ይላል። በቃ፣ ጨዋታው ይኸው ነበር። አሠልጣኝም መሣሪያም ገንዘብም አላስፈለገውም።

ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ተቃራኒ ቡድኖች ፈተኑት። ቤዝቦል ውስጥ በንት የሚባል ነገር አለ። መቺው ኳሷን በኃይል በመምታት ፋንታ ባቱን፣ መምቻ ዱላውን፣ ዘርግቶ ቀስ ብሎ ይነካትና ወርዋሪው ፊት እንድትንከባለል ያደርጋታል። ወርዋሪው፣ ፒቸሩ ማለት ነው፣ ሮጦ አንስቶ መወርወር አለበት። «አንድ እጅ ያለው ልጅ ይሄን አይችልም» ብለው በንት በበንት አደረጉበት። እሱ እያነሳ ወረወረ። ትንሽ ቆይተው ተዉት። ልጅሽም ይሄ ይገጥመዋል። ሲገጥመው ክፋት አድርገሽ አትይው፤ ጨዋታ ነው። በንት የሚያደርጉበት እንደ ተጫዋች ስለቆጠሩት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪኩ በመዝገብ ያለ ነው። ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተጫወተ። በ1988 በሴኡል ኦሊምፒክ አሜሪካ ጃፓንን 5 ለ 3 ስታሸንፍ የመጨረሻውን ጨዋታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የወረወረው እሱ ነው። በዚያው ዓመት የካሊፎርኒያ ኤንጅልስ ቡድን መረጠው። አብዛኛው ተጫዋች በታችኞቹ ሊጎች ዓመታት ያሳልፋል። አቦት በ1989 በቀጥታ ትልቁ ሊግ ገባና በመጀመሪያው ዓመት 12 ጨዋታ አሸነፈ። በ1991 ደግሞ 18 አሸንፎ ለዓመቱ ምርጥ ፒቸር ሽልማት በተሰጠው ድምፅ ሦስተኛ ወጣ።

መስከረም 4 ቀን 1993 በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ለኒው ዮርክ ያንኪስ እየተጫወተ፣ በክሊቭላንድ ላይ ኖ-ሂተር ወረወረ። ኖ-ሂተር ማለት በሙሉ ጨዋታው ከተቃራኒ ቡድን አንድም ሰው በመምታት ቤዝ ላይ ሳይደርስ ሲቀር ነው። ብዙ ታላላቅ ፒቸሮች ዕድሜያቸውን ሙሉ ወርውረው አንድም ሳያገኙ ጡረታ ይወጣሉ። ያንኪስ 4 ለ 0 አሸነፈ። የሚገርመው ነገር፣ ከአንድ ሳምንት በፊት እነዚሁ የክሊቭላንድ መቺዎች ቀጥቅጠውት ነበር፤ አራተኛውን ዙር እንኳን ሳይጨርስ ነው የወጣው። በዘጠነኛውና በመጨረሻው ዙር ፈጣኑ የክሊቭላንድ መቺ ኬኒ ሎፍተን መጀመሪያ በንት ሞከረ፤ ስታዲየሙ በጩኸት ተቃወመው። ሎፍተን ቤዝ ሳይደርስ ወጣ። ቀጣዩ ኳሷን ወደ መሀል ሜዳ ርቆ ሰቀላት፤ ተያዘች። የመጨረሻው ካርሎስ ባየርጋ ወደ ሾርትስቶፕ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል ወደሚቆመው ተከላካይ፣ መሬት ለመሬት መታ፤ እዚያ የቆመው ራንዲ ቬላርዴ አንስቶ ወረወረ፣ አለቀ።

ስለ አቦት ሲወራ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። እኔ ግን ቀጣዩን እነግርሻለሁ፤ ባለቤትሽ የሚፈራው ነገር መልስ ያለው እዚያ ነው። አቦት በ1996 ያሸነፈው 2 ጨዋታ፣ የተሸነፈው 18 ነበር። ከዚያ በታች መውረድ ይከብዳል። በሥራ ዘመኑ ጠቅላላ 87 አሸንፎ 108 ተሸንፏል። የተሸነፈው ግን በእጁ ምክንያት አልነበረም። የሚወረውረው ኳስ ፍጥነቱ ቀነሰ፣ ሌላውም ፒቸር እንደሚሆነው። ለእኔ ይህ ከኖ-ሂተሩ ይበልጣል። ሰውየው እንደማንኛውም ተጫዋች አሸነፈ፣ እንደማንኛውም ተጫዋች ተሸነፈ። በ1999 ጡረታ ወጣ። በዚያው ዓመት ለሚልዋኪ ሲጫወት ፒቸሮችም የሚመቱበት ሊግ ስለነበር ባት ይዞ ቆሞ 2 ጊዜ መትቶ ቤዝ ደርሷል። በአንድ እጅ፣ በትልቁ ሊግ!

ደግሞ አቦት ቀኝ ክንዱን ኪሱ ውስጥ ይደብቅ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ዝነኛ ከሆነ በኋላም ቢሆን። ስለዚህ ልጅሽ ፎቶ ሲነሳ እጁን እጅጌው ውስጥ ቢያስገባ «ለምን ታፍራለህ?» ብለሽ አትቆጪው። ተጫውቶ የሚመጣ ድፍረት በቁጣ አይመጣም።

አሁን ደግሞ ሌላ ሰው ላሳይሽ። የእሱ ታሪክ ያምማል፣ ግን ትምህርት አለው። ፒት ግሬይ ይባላል። በ1915 ፔንሲልቬንያ ውስጥ ናንቲኮክ በምትባል የከሰል ማዕድን ከተማ ተወለደ። ስድስት ዓመቱ ገደማ ከተሽከርካሪ ላይ ወድቆ ቀኝ ክንዱ ጎማው ውስጥ ገባ። ሐኪሞች ከክርኑ በላይ ቆረጡት። የተፈጠረው ቀኝ እጁን ተጠቃሚ ሆኖ ነበር፤ ሁሉን ነገር በግራ እንደ አዲስ ተማረ።

ግሬይ የሚጫወተው ከሜዳው ጀርባ፣ ረጃጅም ኳሶች የሚወድቁበት ቦታ ነው። የእሱ መላ ከአቦት ይለያል፤ ከክንዱ የቀረችው አጭር ጉማጅ ናትና። ከጓንቱ ውስጥ ያለውን ስፖንጅ አስወጥቶ አሳሳው። ኳሷን ይይዛል። ጓንቱን በጉማጁ ብብት ስር ይከታል። እጁን ሲያወጣ ኳሷ ደረቱ ላይ ተንከባልላ ተመልሳ እጁ ላይ ታርፋለች። ይወረውራል። በ1944 በሜምፊስ ቡድን፣ ከትልቁ ሊግ በታች በሚገኝ ጠንካራ ሊግ፣ በአማካይ ከሦስት አንድ ጊዜ እየመታ፣ 68 ቤዝ ሰርቆ የሊጉ ኮከብ ተባለ። ቤዝ መስረቅ ፒቸሩ ሳያስበው ወደሚቀጥለው ቤዝ ሮጦ መድረስ ነው።

በ1945 የሴንት ሉዊስ ብራውንስ ቡድን ወሰደው። ወቅቱ ጦርነት ነበር፤ ብዙ ተጫዋች ውትድርና ላይ ነው። 77 ጨዋታ ተጫወተ። የመምታት አማካዩ 218 ላይ ቀረ፤ ከ1,000 ሙከራ 218 ማለት ነው፣ ዝቅተኛ ነው። ምክንያቱ ከሙያዬ አንጻር ግልጽ ነው። ሁለት እጅ ያለው መቺ ባቱን ካወዛወዘ በኋላ ኳሷ እንደታጠፈች ካየ ማቆም ይችላል፤ ሁለተኛው እጅ ፍሬን ነው። ግሬይ ፍሬን አልነበረውም። አንዴ ካወዛወዘ አለቀ። ፒቸሮቹ ይህንን ሲደርሱበት ቀስ ያለና የሚታጠፍ ኳስ ይወረውሩበት ጀመር። ሯጮቹም ጓንቱን እስኪቀይር ባለችው ሽርፍራፊ ሰከንድ አንድ ቤዝ ይጨምሩበት ነበር።

ከዚህ የከፋው ግን አንዳንዶቹ የራሱ ጓደኞች ቡድኑ ያመጣው ተመልካች እንዲሰበስብለት ነው ብለው ማመናቸው ነበር። እሱም ያውቀዋል። ከቆሰሉ ወታደሮች ጋር ተገናኝቶ አበረታቷል፣ ብዙ ሰው ወዶታል። ውስጡ ግን «እዚህ ያለሁት ስለምችል ነው ወይስ ስለምታይ?» የሚል ጥያቄ ይዞ ነው የኖረው ብዬ አምናለሁ። ጦርነቱ ሲያልቅ ትልቁ ሊግ መልሶ አልጠራውም።

እህቴ፣ ከልጅሽ ጋር በዚህ ላይ ጠንቀቅ በይ። ኮቹ ለቪዲዮ ሲል ብቻ ሁለት ደቂቃ አስገብቶ፣ ወላጅ ሁሉ ቆሞ አጨብጭቦለት፣ ከዚያ ወንበር ላይ የሚያስቀምጠው ከሆነ ቡድን ቀይሪ። ልጆች ይህንን ቶሎ ይለያሉ። ሲስት «ስተሃል፣ እግርህን አስተካክል» የሚለው ኮች ያስፈልገዋል።

ስለ እግር ካነሳሁ አይቀር አንድ ለእኛ ሰው ቅርብ የሆነ ታሪክ አለ። ዋሺንግተን ዲሲ የሚኖር ሐበሻ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልን ያውቃል፤ ከዩ ስትሪትና ከናይንዝ ስትሪት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በእግር የሚደረስ ነው። ሆስፒታሉ ከመሠራቱ በፊት እዚያ ቦታ ላይ የነበረው ግሪፊዝ ስታዲየም ነው። ነሐሴ 4 ቀን 1945፣ አሁንም በእነሱ አቆጣጠር፣ በርት ሼፐርድ የሚባል ሰው እዚያ ሜዳ ላይ ወረወረ። ሼፐርድ የጦር አውሮፕላን አብራሪ ነበር። በ1944 ጀርመን ላይ ተመትቶ ወደቀ፣ ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ፣ ተማረከ። እስር ቤት ውስጥ አብሮት የታሰረ አንድ ካናዳዊ ሰው ሠራሽ እግር ሠራለት። እዚያው ኳስ መወርወር ጀመረ።

እንግዲህ ልብ በይ፣ ሼፐርድ በግራ እጁ ነው የሚወረውረው። በግራ የሚወረውር ሰው ከውርወራው በኋላ የሚያርፈው በቀኝ እግሩ ነው። የሰውነቱ ክብደት ሁሉ የሚወርደው በዚያ ሰው ሠራሽ እግር ላይ ነበር። ቤዞቹ በሯጭ በሞሉበት ሰዓት ገባና የመጀመሪያውን መቺ አስወጣ። ከአምስት ዙር በላይ ወርውሮ አንድ ነጥብ ብቻ ተቆጠረበት። ዋሺንግተን በዚያ ቀን 15 ለ 4 ነው የተሸነፈው፤ ሼፐርድ የገባው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነበር። በትልቁ ሊግ የተጫወተውም ያንን አንድ ቀን ብቻ ነው። ከእሱ በኋላ ሉ ብሪሲ መጣ። ጣሊያን ውስጥ በጦርነት ግራ እግሩ በመድፍ ፍንጣሪ ተሰባብሮ ሊቆረጥ ሲል «አትቁረጡብኝ» ብሎ ለምኖ፣ 23 ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት፣ የብረት መከላከያ አስሮ በ1949 ለፊላደልፊያ 16 ጨዋታ አሸነፈ።

ጣትን በተመለከተ ሞርደካይ ብራውንን ልጥቀስልሽ። የኢንዲያና ገበሬ ልጅ ነው። ትንሽ ልጅ እያለ ቀኝ እጁ የከብት መኖ መቁረጫ ማሽን ውስጥ ገባ፤ አመልካች ጣቱ ሄደ። እሱ ሳይድን ወድቆ ሌሎቹን ሰበራቸው፤ ተጣመው ቀሩ። በዚያ እጅ ሲወረውር ኳሷ ሌላ ሰው ማምጣት የማይችለውን መታጠፍ ትታጠፍ ነበር። 239 ጨዋታ አሸነፈ። ከቺካጎ ካብስ ጋር በ1907 እና በ1908 ዋንጫ በላ። ጉዳቱ ራሱ መሣሪያ የሆነለት ሰው ነው። ይህ ግን ሁልጊዜ የሚሆን ነገር አይደለም፤ ለልጅሽ «እንከንህ ጸጋህ ነው» እያልሽ አትንገሪው። ጸጋ ሆኖ ካገኘው ራሱ ይነግርሻል።

ከመስማት ጋር የተያያዘውም ታሪክ ብዙ ነው። ዊልያም ሆይ በሦስት ዓመቱ ማጅራት ገትር ይዞት ደንቆረ፤ ይህ በሽታ በሀገራችንም ስንቱን ሕፃን መስማት እንዳሳጣው እናውቃለን። የጫማ ሠሪ ሆኖ ይሠራ ነበር። በ1888 ለዋሺንግተን ገብቶ በመጀመሪያው ዓመት በቤዝ ስርቆት ሊጉን መራ። በ1889 በአንድ ጨዋታ ከሜዳው ጀርባ ወርውሮ ሦስት ሯጮችን ቤት (ነጥብ የሚቆጠርበት የመጨረሻው ቤዝ) ሳይገቡ አስቀርቷል። 99 ዓመት ኖረ።

ከርቲስ ፕራይድ ደግሞ የሰፈራችን ልጅ ነው ማለት እችላለሁ። ያደገው ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ የተማረው እዚያው ኬኔዲ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። የብዙ ሐበሻ ልጆች የሚማሩበት አካባቢ። ሲወለድ ጀምሮ መስማት የተሳነው ነው ማለት ይቻላል፤ ሰው የሚናገረውን የሚረዳው ከንፈር በማንበብ ነው። በመስከረም 1993፣ አቦት ኖ-ሂተሩን በወረወረበት ወር፣ ለሞንትሪያል ኤክስፖስ በትልቁ ሊግ የመጀመሪያውን ምት መታ። ሕዝቡ ተነስቶ ጩኸቱን አላቆም አለ። ፕራይድ ሁለተኛው ቤዝ ላይ ቆሞ ምን እንደተፈጠረ አልገባውም። ኮቹ ኮፍያህን አንሳ ብሎ በምልክት ነገረው። ድምፁን በጆሮው ሳይሆን በሰውነቱ ሲንቀጠቀጥ ነው ያወቀው። በኋላ ዲሲ በሚገኘው ጋላውዴት፣ መስማት የተሳናቸው በሚማሩበት ዩኒቨርሲቲ፣ የቤዝቦል አሠልጣኝ ሆነ።

ወደ ልጅሽ እንመለስ። ምን ማድረግ እንዳለብሽ በግልጽ ልንገርሽ።

ጓንት ስትገዢ እንዳትሳሳቺ። ልጅሽ ያለው ቀኝ እጁ ነው፤ የሚወረውረውም የሚይዘውም በሱ ነው። ስለዚህ ጓንቱ የቀኝ እጅ ጓንት መሆን አለበት። ሱቅ ውስጥ ይህ የሚሸጠው «ለግራኝ» ተብሎ ነው፤ ግራኞች በግራ ስለሚወረውሩ ጓንቱን የሚያጠልቁት ቀኝ እጃቸው ላይ ነውና። ሻጩ «ልጁ በየትኛው ይወረውራል?» ብሎ ሲጠይቅሽ «በቀኝ» ካልሽው የተሳሳተውን ይሰጥሻል። የጓንቱን አፍ ሰፋ ያለ፣ ቆዳውን ለስላሳ ምረጪ፤ እጁ ቶሎ የሚገባና የሚወጣ መሆን አለበት። የእጅ አንጓው ላይ የሚያጠብቅ ማሰሪያ ካለው አላሉት። አዲስ ጓንት ደረቅ ነው፤ መጀመሪያ እቤት ውስጥ ኳስ ከቶበት፣ እያጠፈ እየዘረጋ ያልምደው።

መቀየሪያውን በሦስት ደረጃ ያስለምደው። መጀመሪያ ያለ ኳስ፣ መስታወት ፊት ቆሞ፦ መወርወር፣ ማጥለቅ፣ መወተፍ፣ ማውጣት። ቀስ ብሎ። ቀጥሎ በቴኒስ ኳስ ግድግዳ ላይ። የቴኒስ ኳስ ፊቱን ብትመታውም እንደ ቤዝቦል ኳስ አትጎዳውም፤ ባለቤትሽም ቁጭ ብሎ ሊያየው ይችላል። ሦስተኛ በእውነተኛው ኳስ፣ ከአባቱ ጋር። አባቱ አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ ራሱ ቢሞክረው ደግሞ በጣም ይጠቅማል። ጓንቱን በክርኑ ስር ይወትፈው ወይስ በጎኑ፣ ይህ በልጁ ክንድ ርዝመት ይወሰናል። ግራ ክንዱ ከአንጓው በታች ብቻ ስለሆነ የጎደለው የአቦት መንገድ የሚስማማው ይመስለኛል፤ የአቦት ቀኝ ነው፣ የእሱ ግራ፣ አቅጣጫውን ገልብጣችሁ ሥሩት። ቻድ ቤንትዝ የሚባል ቀኝ እጁ ጎድሎ የተወለደ የአላስካ ልጅም በዚሁ ዘዴ ጓንቱን እየቀያየረ በ2004 ሞንትሪያል ገብቷል።

ለመምታት ቀለል ያለ ባት ግዢለት፤ ከዕድሜ እኩዮቹ ያነሰ ክብደት ያለው። ከእጀታው ከፍ አድርጎ ይያዝ። የግራ ክንዱን ጫፍ ከባቱ እጀታ ግርጌ ላይ ይደግፍበት፤ አቦት የሚመታው እንዲህ ነበር። የግሬይን ፍሬን አስታውሺ፤ ያ ጫፍ ትንሽም ብትሆን ፍሬን ትሆናለች። ከሁለቱም ጎን ቆሞ ይሞክር፤ የሚቀለውን እሱ ይምረጥ። ባት ለመጨበጫ ተብለው የሚሠሩ ሰው ሠራሽ መያዣዎችም አሉ፤ ከፈለገ ይሞክራቸዋል። እምቢ ካለም አታስገድጂው።

ሲመዘገብ መደበኛው ሊግ ውስጥ ይመዝገብ። ሊትል ሊግ፣ የልጆች ቤዝቦል ድርጅቱ፣ ከ1989 ጀምሮ የአካልና የአእምሮ ጉዳት ላለባቸው ልጆች ቻሌንጀር የሚባል ክፍል አለው፤ ጥሩ ነው፣ የሚያስፈልጋቸው ብዙ ልጆች አሉ። ልጅሽ ግን እግሩም ዓይኑም ጤነኛ ከሆነ፣ መጫወት የሚፈልገው ደግሞ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ከሆነ፣ ቦታው ከነሱ ጋር ነው።

ኳሱ ይመታዋል የሚለው ስጋት ትክክለኛ ስጋት ነው። ሁለት እጅ ያለውንም ልጅ ይመታል። ሲመታም ሲሮጥም ሄልሜት ግዴታ ነው፤ ፊት የሚሸፍን ፍርግርግ ያለውን ግዢለት። ፒቸር ልሁን ካለ ወይም ወደ መቺው ቀርቦ የሚቆም ከሆነ መከላከያ ጭንብልም አለ። ጓንት መቀየሩን ሳትፈሩ እስክታዩት ድረስ ግን ከሜዳው ጀርባ ይጫወት።

ስለ መሳቅ ደግሞ፣ ይስቃሉ። የመጀመሪያ ሳምንት ያፈጣሉ፣ ይጠይቃሉ። ልጅሽ «እንዲህ ሆኜ ነው የተወለድኩት» የምትል አጭር መልስ ይዞ ይሂድ። እናንተ ቀድማችሁ አትመልሱለት።

እንደ ባለሙያ ከሁሉም በላይ የማስብበት ግን ኳሱም ሳቁም አይደለም፤ ቀኝ ክንዱ ነው። ያ ክንድ ይጽፋል፣ ቦርሳ ይሸከማል፣ ይበላል፣ በር ይከፍታል፣ አሁን ደግሞ ሊወረውር ነው። ሌሎች ልጆች ሥራውን ለሁለት ያካፍሉታል፤ የሱ ክንድ ዕረፍት የለውም። ስለዚህ ቦርሳው በሁለት ትከሻ የሚያዝ ይሁን። ግራ ክንዱንና ትከሻውን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይሥራ፤ አካባቢሽ ያለ ፊዚዮቴራፒስት በአንድ ቀጠሮ ያሳይሻል። ፒቸር ከሆነ የሊትል ሊግ ሕግ ለ9 እና ለ10 ዓመት ልጅ በቀን ከ75 ውርወራ በላይ አይፈቅድም። ከ20 ካለፈ የአንድ ቀን፣ ከ35 ካለፈ የሁለት ቀን፣ ከ50 ካለፈ የሦስት ቀን፣ ከ65 ካለፈ የአራት ቀን ዕረፍት ያዛል። እኔ ለልጅሽ ከዚህም ዝቅ አደርገዋለሁ፤ የመጀመሪያውን ሲዝን 35ን ባያልፍ ደስ ይለኛል። ክርኑ ውስጠኛው ጎን ላይ ወይም ትከሻው ላይ ህመም ካለ በዚያው ቀን ይቁም፣ ሐኪም ይየው። ልጆች መጫወት እንዳይከለከሉ ህመም ይደብቃሉ፤ ከጨዋታ በኋላ ማንኪያ ሲይዝ፣ ሸሚዝ ሲያወልቅ እዪው። ኮቹ ውርወራውን የማይቆጥር ከሆነም አባቱ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ይቁጠር።

ምዝገባው በአብዛኛው ሰፈር የሚዘጋው ገና የአሜሪካው ክረምት፣ የብርዱ ወቅት፣ ሳይወጣ ስለሆነ ነገ ዛሬ አትበሉ። ጓንቱን ከገዛሽ በኋላ ጥያቄ ካለሽ እዚሁ ጻፊልኝ፤ የክንዱን ርዝመት ከክርኑ እስከ ጫፉ ለክተሽ ከነገርሽኝ የት ቢወትፈው እንደሚሻል ተነጋግረን እንመርጣለን።